ማግኔቱ የናቃት ተርባይን

ጎረቤቴ የተሳቢ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ተመልሶ ቱሉ ዲምቱ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። መኪናውን ከኮንዶሚኒየማችን አጥር ውጭ ያስጠጋል፣ ሞተሩን ድርግም ያደርጋል፣ በሩን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ድምፁ ቀጥ ሲል "መጣ" እላለሁ። ይህቺን "ድርግም" ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ በሬ ተንኳኳ። ሹፌሩ ነው፤ በዘይት በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

"ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ። ጉድ ሆኛለሁ።"

ጨርቁን ፈታው። በጥላሸት የጠቆረች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ተርባይን ናት። ከጀርባዋ የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ወጥቷል። የቱርቦ ሆድ ዕቃ መሆኑ ነው፤ የሞተሩ ጭስ እየመታ የሚያሽከረክራት፣ እሷ ደግሞ በዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ያለውን የአየር መግፊያ የምታዞር።

"ጋራዥ ቀልጣለች አሉኝ። ብረቷ ጥራት የለውም፣ የጭሱን ሙቀት አልቻለችም፣ ሙሉ ቱርቦ ግዛ አሉኝ።"

ሰፈሩ ኢንጂነር ይበለኝ እንጂ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ የሙያ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ብረታ ብረት አስተምራለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በኒኬል ቅይጦች ላይ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር እጄ ሲገባ ቡናው ማረሩ አይቀርም። እውነትም አረረ።

ጥላሸቱን በናፍጣ ጠርጌ መስኮት ላይ ይዤ አገላበጥኳት። የክንፎቿ ጠርዝ እንደ ቢላዋ ስል ነው። የቀለጠ ብረት ጠርዙ ይድበለበላል፣ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል፤ እሷ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። የሁለት ክንፎች ጫፍ ብቻ ተፍቆ ያበራል፤ ከቤቷ ግድግዳ ጋር ተፋትጋለች ማለት ነው። ለምን ተፋተገች? መልሱ ዘንጉ ላይ ነበር። ኩሽኔታ የሚይዘው ቦታ ተቧጭሯል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም አውጥቷል፣ ዙሪያውን ደግሞ የተቃጠለ ዘይት እንደ ድስት ቅራሪ ተጋግሮበታል። ዘይት ሲያጣ ዘንጉ ዋለለ፣ ዘንጉ ሲዋልል ክንፏ ግድግዳ ነካ። ተርባይኗ ንጹሕ ናት።

አላመነኝም። ሰው ደግሞ ብዙ ብር አውጣ ሲባል አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ብረት ደግሞ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ተነሥተን ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ ጋሼ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ) ቤት ሄድን።

ጋሼ ቶርኖ ላይ ከቆሙ ዕድሜያቸው ከኔ ይበልጣል። ቤታቸው ከአንድ የቆራሌ ግቢ ጋር በላሜራ አጥር ብቻ ነው የሚለየው፤ የግቢው ልጅ ብረት ሲያጠራጥረው በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ እሳቸውን ይጠይቃል። በራቸው ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ክብ ማግኔት በሽቦ ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ፣ እስቲ ይቺን በማግኔት ይንኳት" አልኩ።

ዘንጉን ሲያስጠጉት ማግኔቱ ቷ! ብሎ ተጣበቀ። አላቀቁትና ተርባይኗ ላይ አሳረፉት። ምንም። ለቀቁት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ወደቀ። ዘንጉና ተርባይኗ አንድ አካል ይመስላሉ፣ ማግኔቱ ግን አንዱን አቅፎ ሌላዋን ናቃት።

በአጥሩ ሾልኮ የመጣው የቆራሌው ልጅ "ስቴንለስ ናት፣ በስቴንለስ ዋጋ እወስዳታለሁ" አለ።

ልጁ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ የድስትና የማንኪያ ስቴንለስም ብዙ ዓይነቱ ማግኔት አይዘውም። ጋሼ ግን የመሞረጃ ድንጋዩን፣ ሞላውን፣ አስነሡና በመጀመሪያ ዘንጉን አስጠጉ። ብልጭታው ረጅምና ቢጫ ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ርችት ይፈነዳል። ቀጥለው ተርባይኗን አስጠጉ። ከድንጋዩ ሥር አጭር፣ ቀጭን፣ ደም የመሰለ ብርቱካናማ ጭረት ወጣና እዚያው ሞተ። አንድም ፍንዳታ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "ይቺ እሳቷን ታፍናለች" አሉ። ብረት ነክቶ ለኖረ ሰው የዚያ ብልጭታ ትርጉም ግልጽ ነው፤ እዚህ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ብረት አይደለም፣ ኒኬል ነው። ዘንጉ የብረት ነው፣ ተርባይኗ የኒኬል ቅይጥ ናት፤ ፋብሪካ ላይ ወይ በፍትጊያ ወይ በኤሌክትሮን ጨረር ተበይደው ነው አንድ የሆኑት። መጋጠሚያዋን በጥፍር ብትዳስሷት ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ።

"ኒኬልማ ማግኔት ይዘዋል" አሉ ጋሼ። ልክ ናቸው። ንጹሕ ኒኬል ከማግኔት ጋር ይጣበቃል። ማግኔቱ እንዲንቃት ያደረገው ክሮሙ ነው፤ በቂ ክሮሚየም ሲገባበት ኒኬል መግነጢሳዊነቱን ያጣል። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው እጅግ የሚያስደስተኝን ጥያቄ ጠየቁ።

"እሺ ልጄ፣ ምን ቢጨምሩበት ነው እንዲህ እሳት የሚችለው?"

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፣ መልሱንም አንድ ቃል እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ፤ "ተንግስተን" ወይም "ታይታኒየም" ብዬ እንድገላገል። ድሮ እኔም ለማቅለል ስል ከዶሮ ወጥ ቅመም ጋር አመሳስለው ነበር። ትቼዋለሁ። ወጥ ውስጥ ቅመሙ ሁሉ ተዋሕዶ አንድ ሲሆን ነው የሚጥመው። የኒኬል ቅይጥ ግን ጥንካሬው የሚመጣው አለመዋሐድን ስለሚያውቅ ነው፤ የትኛው ንጥረ ነገር የት እንደሚቀመጥ ነው ቁም ነገሩ።

ከኒኬሉ እንጀምር። ብቻውን ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ተለስልሶ የወጣ ንጹሕ ኒኬል የቤታችን ዓምድ ውስጥ ካለው ፌሮ ይልቅ ቀድሞ ይታጠፋል። ታዲያ ለምን ተመረጠ? አንደኛ፣ የሚቀልጠው በ1,455 ዲግሪ ነው። ሁለተኛ፣ እስኪቀልጥ ድረስ የአተሞቹ አደራደር አይለወጥም። ብረት እንዲህ አይደለም፤ 912 ዲግሪ ላይ አደራደሩን ይቀይራል። ሦስተኛ፣ ኒኬል እንግዳ ይቀበላል፤ ክሮሙንም ኮባልቱንም ሞሊብዲነሙንም በብዛት ሆዱ ውስጥ ያስተኛል። ጥንካሬን እንግዶቹ ያመጡለታል፣ እሱ ቤቱን ሰጠ።

ክሮሚየምን ለጋሼ ያስረዳሁት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የምጣድ ሽቦ ስንቴ ግሎ ስንቴ ይቀዘቅዛል? ተራ የብረት ሽቦ ቢሆን በሁለት ሳምንት ቅርፊት ሆኖ ይረግፍ ነበር። ለዚህ ሥራ ከተሠሩት ሽቦዎች አንዱ ኒክሮም ነው፤ 80 ከመቶ ኒኬል፣ 20 ከመቶ ክሮሚየም፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 አልበርት ማርሽ የባለቤትነት መብት ያወጣበት። ሲግል ክሮሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስስ ቆዳ ያበጃል፣ ቆዳው ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ጠላቱ መብራት መጥፋትና መምጣት ነው። ሽቦውና ቆዳው እኩል ስለማይሰፉና እኩል ስለማይሸበሸቡ በግለት በቅዝቃዜ ቆዳው እየተላጠ ይሄዳል፣ እየተላጠ ክሮሙ ያልቃል። እናቴ "ምጣዱን የሚገድለው እንጀራው ሳይሆን መብራት ኃይል ነው" ስትል እኔ በቁም ነገር ነው የማዳምጣት።

የጄት ሞተር ታሪክም ከዚሁ ሽቦ ይጀምራል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 ለፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር የሚሆን ብረት ሲፈልጉ የያዙት ያንኑ 80 በ20 የሆነ ቅይጥ ነው፤ ትንሽ ታይታኒየምና ካርቦን ጨመሩበት፣ ቀጥለው አልሙኒየም። ኒሞኒክ የሚባለው ቤተሰብ እንዲህ ተወለደ። የሚገርመኝ፣ ያቺ ጥቂት አልሙኒየምና ታይታኒየም ምን እንደምትሠራ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም ነበር። ቅይጡ ሠራ፤ ምክንያቱ የታየው በኋላ ነው።

ምክንያቱ ጋማ ፕራይም ይባላል። እዚህ ላይ ረጋ ልበል፣ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ብረት ሲታጠፍ አተሞቹ ሁሉ በአንዴ አይንሸራተቱም። በአተሞቹ ሰልፍ ውስጥ አንድ ጉድለት አለ፣ ዲስሎኬሽን የሚሉት፤ እሱ ከሰልፍ ሰልፍ እየተራመደ ሲያልፍ ብረቱ አንድ እርምጃ ይንሸራተታል። ንጹሕ ኒኬል ውስጥ ይህ ተጓዥ የሚያስቆመው ስለሌለ እንደ ልቡ ይሄዳል። የምንጨምረው ነገር ሁሉ ሥራው እሱን ማስቸገር ነው።

አልሙኒየም ወደ 6 ከመቶ ሲገባና ቅይጡ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉም አልሙኒየም ኒኬሉ ውስጥ መሟሟት አይችልም። የተረፈው ሦስት ኒኬል ለአንድ አልሙኒየም በሆነ ሒሳብ ይሰበሰብና ደቃቅ ኩብ ይሠራል። በደንብ በተሠራ ቅይጥ የኩቡ ጎን ግማሽ ማይክሮን ያህል ነው፤ ሁለት ሺህ የሚሆኑት ተደርድረው አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ኩቡ ውስጥ መቀመጫ በሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ አልሙኒየም 12 ጎረቤት አለው፣ 12ቱም ኒኬል ናቸው። አልሙኒየም ከአልሙኒየም ጋር ጎን ለጎን አይቀመጥም፤ ሠርግ ላይ ሁለት የተጣሉ ዘመዶችን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደማናስቀምጠው። ተጓዡ ጉድለት እዚህ ሲገባ ግን ሥርዓቱን ያፈርሰዋል፣ የተጣሉትን ጎን ለጎን ያመጣቸዋል። ይህ ጉልበት ይጠይቃል። ሥርዓቱ የሚመለሰው ሁለተኛ ጉድለት ከኋላ ተከትሎ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ኩቡን ለመሻገር ጥንድ መሆን ግድ ነው። ሳይጣመር የመጣ ውጭ ይቀራል።

አሁን የሚገርመው። ብረት ሲሞቅ ይለሰልሳል ብለን ነው የምናውቀው። ፌሮ 600 ዲግሪ ላይ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። ጋማ ፕራይም ግን ሲሞቅ ይጠነክራል፣ እስከ 700ና 800 ዲግሪ አካባቢ። ምክንያቱ፣ ሙቀቱ ለጥንዶቹ ጉልበት ሲሰጣቸው አንደኛው መንገዱን ስቶ ወደ ሌላ ገጽ ይዞራል፤ በዚያ ገጽ ላይ ደግሞ በቀላሉ መራመድ አይቻልም። እዚያው ተቆልፎ ይቀራል፣ ከኋላው የሚመጡትንም ያግዳል። ለማምለጥ የተሰጠው ጉልበት ራሱ አሰረው። ይህን መጀመሪያ ስማር መምህሬ የቀለዱ መስሎኝ ነበር።

የናፍጣ ጭስ ቱርቦ ላይ ሲደርስ ጭነት በከበደ ጊዜ ወደ 700 ዲግሪ ይጠጋል። የሹፌሬ ተርባይን የምትውለው ልክ ጋማ ፕራይም በሚጎለብትበት ሙቀት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተርባይን ከድሮ ጀምሮ የሚሠራበት ኢንኮኔል 713ሲ የሚባለው ቅይጥ 6 ከመቶ ገደማ አልሙኒየም፣ ከ12 እስከ 13 ከመቶ ክሮሚየም፣ 4 ከመቶ ሞሊብዲነም፣ 2 ከመቶ ኒዮቢየምና ከ1 ከመቶ ያነሰ ታይታኒየም ይዟል፤ የቀረው በአብዛኛው ኒኬል ነው። ከክፍል ሙቀት እስከ 750 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬው እምብዛም አይነቃነቅም።

ጥንካሬው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ተርባይኗን በማስመሪያ ለካሁ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ናት። እንዲህ ያለ ቱርቦ በደቂቃ 100 ሺህ ዙር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ፍጥነት ጠርዟ ላይ ያለ አንድ ግራም ብረት በስንት ክብደት ወደ ውጭ እንደሚጎትት ለጋሼ በኖራ መሬት ላይ አሰላሁላቸው፤ ከአራት ኩንታል ጤፍ በላይ። አንድ ግራም! ሹፌሩ ራሱን ያዘ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደኛ ሲመጣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያንኑ አየር ለሞተሩ ለመስጠት ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት። ዳገትና ከፍታ አንድ ላይ ነው የሚጫኗት።

ጋሼ "የዛሬ ሦስት ዓመት እንዲህ ያለች ተሰብራ መጥታ በይጄያት ነበር" አሉ። "ብየዳው አማረ። ጠዋት ስመጣ ጎኑ ተሰንጥቋል። እንደገና በየድኩ፣ ያው። እጄ ነው ብዬ ነበር።"

እጃቸው አይደለም። አልሙኒየምና ታይታኒየም የበዛበት ቅይጥ ብየዳ አይወድም። የተበየደው ቦታ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጋማ ፕራይሙ እዚያው ይወለዳል፣ ብረቱ መለጠጥ በሚገባው ሰዓት ይደርቃል፣ ብየዳው የፈጠረው ውጥረት ሲጎትተው ይሰነጠቃል። እሳት እንድትችል ያደረጋት ያው ነገር ነው ለብየዳ እምቢ ያሰኛት። ይህን ችግር የቀነሰው ኢንኮኔል 718 የሚባለው ቅይጥ ነው፤ በአብዛኛው የሚጠነክረው 5 ከመቶ ገደማ በሆነ ኒዮቢየም ነው፣ ኒዮቢየሙ የሚሠራው ቅንጣት ቀስ ብሎ ስለሚወለድ ለበያጁ ጊዜ ይሰጠዋል። ዋጋው ግን አለ፤ ከ650 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ያ ቅንጣት ወደማይጠቅም ቅርጽ ይለወጣል። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ሦስት ዓመት የተሸከሙት ነገር የወረደላቸው መሰለኝ። ሻይ አዘዙ።

ከሻዩ ጋር ወደ ከባዶቹ ሄድን። ሞሊብዲነም፣ ተንግስተን፣ ሬኒየም። እነዚህ ኩቡ ውስጥ ሳይሆን በኩቦቹ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ፣ ጋማ በሚባለው፣ መቀመጥ ይመርጣሉ። አተማቸው ከኒኬል ስለሚተልቅ ሰልፉን ያጣምማሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ግን ሰነፍ መሆናቸው ነው፤ በሙቀት ጊዜ እንኳ ከተቀመጡበት ለመነሣት ዳተኛ ናቸው። ከፍተኛ ሙቀት ላይ የብረት ሞት መሰበር ብቻ አይደለም። በቋሚ ጭነት ሥር ለሰዓታትና ለወራት ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ክሪፕ ይባላል። አተሞች ቦታ እየለወጡ ለተጓዡ ጉድለት መሰላል ይሠሩለታል፣ እሱም እንቅፋቱን በላዩ ላይ ይወጣዋል። አተሞቹ ሰነፍ ከሆኑ መሰላሉ ይዘገያል። ከሁሉም ሰነፍ ሬኒየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ በራይን ወንዝ ስም የተጠራ፣ መሬት ላይ እጅግ ጥቂት የሆነ፣ ራሱን ችሎ የማይቆፈር፤ ከመዳብ ማዕድን ጋር የሚወጣው ሞሊብዲነም ሲጠበስ ከጭሱ ነው የሚለቀመው። ለአውሮፕላን ሞተር የተርባይን ክንፎች የሚሠራው ሲኤምኤስኤክስ 4 የሚባል ቅይጥ 3 ከመቶ ይዟል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ትውልድ 6 ከመቶ።

የኛ አገር ድርሻ ከሌለ ቅር ይለኛል፣ ስለዚህ ታንታለምን አነሣለሁ። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የሚገኘው ማዕድን። ታንታለም በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚታወቀው፣ ነገር ግን እዚህም ሥራ አለው፤ የአልሙኒየሙን ወንበር ኩቡ ውስጥ ይጋራል፣ ኩቡ ከፍ ባለ ሙቀት ሳይሟሟ እንዲቆይ ያግዛል። ያ ባለ 3 ከመቶ ሬኒየም ቅይጥ ታንታለሙ 6.5 ከመቶ ነው፣ ከሬኒየሙ እጥፍ ይበልጣል። ስለ ሬኒየም ብዙ ይወራል፤ ስለ ታንታለም ማንም አያወራም።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ታዲያ ሁሉንም ብዙ ብዙ ለምን አንጨምርም?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የሙያው ታሪክ በሙሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ስሠራ ናሙናዎቼን 900 ዲግሪ ላይ ለ500 ሰዓት ማቆየት ነበረብኝ። 311ኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አልቅሼ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ናሙናውን አለስልሼ፣ በአሲድ አጥቤ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ከባድ ንጥረ ነገር የበዛበት ቅይጥ ውስጥ እሾህ በቅሎ አገኘሁ። ቀጫጭን መርፌዎች፣ እርስ በርስ የተሰካኩ። ክሮሙ፣ ሞሊብዲነሙ፣ ተንግስተኑ፣ ሬኒየሙ ከመጠን ሲያልፉ ኒኬሉ መሸከም ያቅተውና ተሰብስበው የራሳቸውን ደረቅ ክሪስታል ይሠራሉ። ያ መርፌ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ራሱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፣ ከዚያም በላይ ጋማውን ያጠነክሩ የነበሩትን ሰነፎች ሁሉ ጠጥቷቸዋል።

ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በኒሞኒክ ዘመን 20 ከመቶ የነበረው ክሮሚየም ለሬኒየሙና ለተንግስተኑ ቦታ እየለቀቀ በሲኤምኤስኤክስ 4 ወደ 6.5 ከመቶ ወርዷል። ኩቡ ደግሞ ከቅይጡ ሩብ እንኳ የማይሞላ የነበረው 70 ከመቶ ደረሰ፤ ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ሆኖ ጭቃው ክር አከለ። ቆዳ የመሥራቱን ሥራ አልሙኒየሙ ተረከበ። በኔ ግምት ክሮሙን እንዲህ መቀነስ በደመና ላይ ለሚበር ሞተር ይሁን፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ ጨዋማ አየር ለሚስብና ድኝ ያለበት ናፍጣ ለሚያነድ መኪና ግን አይሆንም። ጨውና ድኝ ተጋብተው የሚሠሩት ሶዲየም ሰልፌት ብረቱ ላይ ቀልጦ ቆዳውን ይበላዋል፤ እሱን የሚቋቋመው ክሮም ነው። የተርባይኗ 12 ከመቶ የሚናቅ አይደለም።

ትንንሾቹን በአንድ ትንፋሽ ልለፋቸው። ካርቦን፣ ቦሮን፣ ዚርኮኒየም። ቦሮኑ የአንድ ከመቶ አንድ መቶኛ አካባቢ ነው፣ ከአንድ ኩንታል ቅይጥ ውስጥ አንድ ጭብጥ የማይሞላ። የሚቀመጡት ክሪስታል ከክሪስታል በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ነው፣ ድንበሩን ያጣብቃሉ። የአውሮፕላን ሰዎች ድንበሩን ጨርሰው አጠፉት፤ የተርባይኑን ክንፍ በሙሉ አንድ ክሪስታል አድርገው ያሳድጉታል። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ኤርባስ ኤ350 ሞተር ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ ክንፎች ናቸው። የሚመታቸው ጋዝ ክንፉ ከሚቀልጥበት ሙቀት ይበልጣል፤ በሆዳቸው አየር ስለሚያልፍና ላያቸው በሴራሚክ ስለተለበጠ ነው የሚቆዩት።

ጋሼ ሻያቸውን ጨርሰው ተርባይኗን ሞርሳው ላይ አስቀመጡ። "እንዲህ ዓይነት ቅርጽ በቶርኖ አይወጣም" አሉ። አይወጣም። ከሰም ትቀረጻለች፣ ሰሙ በሴራሚክ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ቅይጡ ይፈስሳል፤ አልሙኒየሙና ታይታኒየሙ እንዳይቃጠሉ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ። አንጥረኞቻችን መስቀል የሚያወጡበት መንገድ ነው፣ ቅኔውም ሰምና ወርቅ የተባለው ከዚያው ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተርባይኗን አንሥተው በአዲስ ዓይን አገላበጧት።

የቆራሌው ልጅ "እና በስንት ልውሰዳት?" አለ። ሹፌሩ "አልሸጥም" አለው። ጋሼ ደግሞ ዘንጉና ኩሽኔታው እንደ አንድ ዕቃ ተቀይሮ ቤቷ ከተረፈ ሙሉ ቱርቦ መግዛት እንደማያስፈልግ ነገሩት፤ እንደዚያው ሆነ። እኔ ያከልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳገት ወጥተህ፣ ተርባይኗ ግላ፣ ዘንጉ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ሞተሩን ድርግም ስታደርገው የዘይት ፓምፑም አብሮ ይቆማል። ከተርባይኗ የሚመጣው ሙቀት ዘንጉ ላይ የቀረውን ዘይት ጠብሶ ድንጋይ ያደርገዋል። ከማጥፋትህ በፊት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ዝም ብሎ ይሥራ፤ ዘይቱ ሙቀቱን ይዞ ይውጣ። እሱ ምንም አልመለሰም።

አሮጌዋ ተርባይን አሁን የኔ ናት፣ የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ወረቀት ትጠብቃለች።

ከትናንት በስቲያ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ተሳቢው መጣ። ቆመ። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ ድድድድ እያለ ቀረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከታች ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መስኮታቸውን በኃይል ከፈቱ።

"ምነው ልጄ፣ ሕፃን ተኝቷል እኮ! አታጠፋውም እንዴ?"

"አንድ ደቂቃ ብቻ ቀረችኝ እትዬ" አለ ከጋቢናው ውስጥ ስልኩን እያየ። "አራተኛ ፎቅ ያለችውን ኢንጂነር ይጠይቋት።"

መብራቴን አጠፋሁ።